3600 ይላል

ይህችን መጽሔት ግጥም ፍለጋ የገለጠ አንባቢ ስለ ኮምፒዩተር ራም ቢያጋጥመው እንዳይቀየመን ከወዲሁ እንለምናለን። እኛ ሦስታችንም የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ ስለ ኤሌክትሪክ የምናውቀው ሲሄድና ሲመጣ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት፣ ስንዝር ከማትሞላ ሰሌዳ ጋር ሁለት ወር ያህል ስንታገል ከርመን፣ በመጨረሻ የጠፋብን ነገር ራም አልነበረም። የምንጽፈውም ስለዚህ ነው።

ማሽኑ የሦስታችን ነው፤ ክፍሏ ግን የሁለታችን። ሦስተኛዋ ጓደኛችን የምታድረው ዶርም ነው፤ ወደኛ ስትመጣም አከራያችን «በሩ ይከፈት» የሚል ሕግ ስላላቸው፣ ክረምት ከበጋ በራችንን በርግደን ነው የምንሠራው። እትዬ ክፉ አይደሉም። በሩ ከተከፈተ ቡናውም አብሮ ይመጣል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርደው ብርድ ግን ሕግም ቡናም አያውቅም።

ኮምፒዩተሩን የገዛነው ቁራጭ በቁራጭ ነው። ሣጥኑን ካንዱ፣ ማዘርቦርዱን ከሌላው፣ ዲስኩን ከሦስተኛው። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኤኤምዲ ራይዘን 5 3400ጂ የሚባለው ነው። ይህ ፕሮሰሰር ሥዕል የሚያወጣውን ክፍል በሆዱ ስለያዘ ለብቻው የሚገዛ የግራፊክስ ካርድ አያሻውም፤ ለተማሪ ኪስ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ያ ክፍል የራሱ ጓዳ የለውም። ከዋናው ራም ላይ ነው የሚበደረው። ራሙ ከተንቀራፈፈ ሁሉም ነገር አብሮ ይንቀራፈፋል።

ስለዚህ ፈጣን ራም ይገዛ ተባለ። ምክንያታችን ቅዱስ ነበር፦ ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው በሙሾ ላይ ነውና የቀዳችውን ድምፅ ከነፋስና ከውሻ ጩኸት ለማጽዳት ማሽኑ መፍጠን አለበት። ከመካከላችን አንዱ በኮምፒዩተር ኳስ መጫወት ይወዳል የሚለው ምክንያት በስብሰባው ላይ አልተነሳም። ገንዘቡን አዋጥተን መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ፣ ያገለገሉ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራሞች በ5,800 ብር ገዛን። መለያቸው ላይ በደማቁ 3600 ይላል። ሻጩ ጋሼ እንደ ወርቅ በጨርቅ ጠርገው ሰጡን።

ማታውኑ ሰካናቸው። ማሽኑ ተነሳ። እልል አልን። ከዚያ ዊንዶውስ ስለ ራሙ ፍጥነት ምን እንደሚል ብናይ 2133። ሌላ መመርመሪያ፣ ሲፒዩ-ዚ የሚሉትን አምጥተን ብናይ ደግሞ 1066! ከ3600 ወደ 2133፣ ከ2133 ወደ 1066፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ወደ ዜሮ ሊወርድ ነው ብለን ደነገጥን። «ተሸወድን» አለ ኳስ ወዳዱ፤ «ነገ ጠዋት ሄጄ አንገታቸውን ነው የምይዛቸው።»

ጠዋት ክፍል ስለነበረው የጋሼ አንገት ተረፈ። እኛም ባገኘነው ጊዜ ማንበብ ጀመርን። 1066 እና 2133 አንድ ነገር ናቸው። ዲዲአር የሚባለው ራም ምቱ ሲነሳ አንድ፣ ሲወድቅ ሌላ መልእክት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ምቱ 1066 ሚሊዮን ቢሆን ዝውውሩ እጥፍ ነው። አንዱ መመርመሪያ ምቱን ይቆጥራል፣ ሌላው ዝውውሩን። መለያው ላይ የተጻፈውም የዝውውሩ ቁጥር ነው፤ በሰከንድ 3600 ሚሊዮን።

2133 ግን ከየት መጣ? ይኸኛው ትንሽ ታሪክ አለው። ራም እንዴት መሥራት እንዳለበት ደንብ የሚያወጣ ጄዴክ የሚሉት ድርጅት አለ፤ የዲዲአር4ን ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ነው። በዚያ ደንብ የራሙ ጉልበት 1.2 ቮልት ነው፤ የፍጥነቱ ጣሪያም 3200 ነው። 3600 በደንቡ ውስጥ ጭራሽ የለም። ሠሪው «የኔ ራም ከደንቡ በላይ ይሮጣል» ብሎ የሚያቀርበው ተጨማሪ ፍጥነት ነው። ይህንንም ቃሉን ሰሌዳዋ ላይ ባለች ጢንጥዬ ቺፕ ውስጥ ይጽፈዋል፤ ምን ያህል ምት፣ ምን ያህል ቮልት፣ ምን ያህል መዘግየት። ኤክስኤምፒ ይሉታል፤ ይህን ሥርዓት ያመጣው ኢንቴል ነው፣ በዲዲአር3 ዘመን። ማሽኑ ግን ይህን ጽሑፍ አስገድደው ካላስነበቡት በቀር አያነበውም፤ ሲነሳ ሁልጊዜ ከደንቡ ዝቅተኛውንና አስተማማኙን ይመርጣል። እንግዲህ ጋሼ አልሸወዱንም። ማሽኑ ጨዋ ሆኖ ነው።

ሁለተኛው ምሽት። ባዮስ ውስጥ ገብተን ኤክስኤምፒ የሚለውን አበራነው፤ አስቀምጠን ወጣን። ጥቁር። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር። ጠፋ፣ ራሱ ተነሳ፣ ጥቁር። ደግሞ ጠፋ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆመን ሳለ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ተነሳና ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው 2133 አለን።

ያን ጊዜ ማሽኑ የተበላሸ መስሎን ነበር። በኋላ እንደተረዳነው እየተለማመደ ነበር። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሙን የሚያስተዳድር ክፍል አለ፤ ማሽኑ ሲነሳ ከራሞቹ ጋር «ይሰማል? አሁንስ?» እየተባባለ የምልክቱን ሰዓት ያስተካክላል። ሥራው ቀላል አይደለም። በ3600 ላይ አንዲቷ ዝውውር ያላት ጊዜ ከናኖ ሰከንድ ሢሶ እንኳ አይሞላም፤ በዚያች ቅጽበት ብርሃን ራሱ የሚጓዘው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የማዘርቦርዱ ሽቦ በሚሊ ሜትር ቢረዝም፣ ጥርሱ ላይ አቧራ ቢያርፍ፣ ወሬው ይዛባል። ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ካልተግባቡ ማሽኑ ተስፋ ቆርጦ ወደ ደንቡ ይመለሳል። አንዳንዴማ መመለሱም ያቅተውና ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ የእጅ ሰዓት የምታክለውን፣ ነቅሎ ጥቂት አቆይቶ መልሶ መክተት ነው። ያችን ባትሪ በሁለት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደነቀልናት አልቆጠርንም፤ ባንዳችን አውራ ጣት ላይ ግን ምልክቷ አለ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁሉ ብንዘረዝር መጽሔቷ አትበቃንም። ራሞቹን ነቅለን ጥርሳቸውን በላጲስ ፈገፈግን። ቦታ አቀያየርን። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አገኘን። ማዘርቦርዱ አራት ማስገቢያ አለው፤ እኛ አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ነበር የሰካነው፤ ከበሩ ቀርቦ መቀመጥ የሚወድ እንግዳ እንደሚያደርገው። መሆን የነበረበት ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ምክንያቱም ሽቦው አንደኛውን አልፎ ሁለተኛው ላይ ነው የሚያበቃው፤ ጫፉ ባዶ ከሆነ ምልክቱ እዚያ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና ከኋላው የሚመጣውን ምልክት ያደናግራል። በዝቅተኛ ፍጥነት ማሚቶው አይጎዳም፤ በከፍተኛው ግን አነጋገር ያበላሻል። ይህንን የማዘርቦርዱ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ በሥዕል አስቀምጦታል። መመሪያውን የከፈትነው በአምስተኛው ቀን ነው። መጽሐፍ ማንበብ ሙያችን ሆኖ ሳለ!

ማስገቢያውን ብናስተካክልም 3600 እምቢ አለ። 3466ም እምቢ አለ። የቀረው ባዮሱን ማሳደስ ነበር፤ የማዘርቦርድ ሠሪዎች በየጊዜው በሚያወጡት አዲስ ባዮስ ውስጥ የራም ልምምዱ እየተሻሻለ ይመጣልና። ነገር ግን ባዮስ በሚታደስበት መካከል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህን ዐረፍተ ነገር የእኛ ሰፈር ሆነህ አንብበው። ሥራው ሦስት ደቂቃ ነው፤ በሰፈራችን ሦስት ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በመጨረሻ ከግቢው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸውን እትዬን ዩፒኤሳቸውን ለአንድ ሌሊት እንዲያውሱን ለመንናቸው። «የማን ነፍስ ልታድኑበት ነው?» አሉን። ነገሩን ብናስረዳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሰጡን፤ «አምስት ደቂቃ ነው የሚይዘው፣ ስድስተኛውን እኔን አትጠይቁኝ።» ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ ምጣድም ካውያም በማይነካካበት ሰዓት፣ አንዳችን ስክሪኑን፣ አንዳችን አምፖሉን እያየን አሳደስነው። መብራት የሄደው በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

አዲሱ ባዮስም 3600ን አላስነሳም። 3200 ግን ተነሳ! በ1.35 ቮልት፣ አንዴም ሳያንገራግር። ዊንዶውስ ውስጥ ገብተን 3200 የሚለውን ቁጥር ስናይ ያደረግነውን እንዳንጽፍ እፍረት ይዞናል። ኳሱ ፈጠነ። ድምፅ ማጽጃውም የፈጠነ መሰለን። «400 ቀረብን እንጂ ደረስን» ተባባልን፤ መጽሐፉ ተዘጋ፤ ዩፒኤሱ ከምስጋና ጋር ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ጓደኛችን ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው የእናቷ አገር ተመለሰች። አሥራ አንድ ቅጂ ይዛ መጥታለች። አሥሩ ቃለ መጠይቅና ወግ ነው። አንደኛው ግን ለቅሶ ላይ የተቀዳ ነው፤ አሥራ አራት ደቂቃ። የሞተው የሰፈሩ ልጅ ነው፣ እሷም የምታውቀው፤ ቤተሰቡ ፈቅዶላት ነው የቀዳችው፤ ሙሾ ያወረዱት በዚያ አገር ስማቸው የታወቀ አንዲት አሮጊት ናቸው። መቅጃው የሰው ነውና ባስቸኳይ ይመለሳል። ቅጂዎቹን ወደ ማሽናችን ገለበጥን። ዲስካችን 240 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ እሱም በኳሱ ጨዋታ ስለተያዘ፣ ሁሉንም በዚፕ አጥፈን፣ የታጠፈውን አንዱን በፍላሽ አንዱን በዲስኩ አስቀምጠን፣ ዋናዎቹን አጠፋን። የመቅጃውም ካርድ ጸድቶ ለባለቤቱ ሄደ። ይህ ሁሉ የሆነው ባንድ ከሰዓት በኋላ፣ በ3200 ላይ ነው።

ምልክት አልነበረም ማለት አንችልም። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ የኢንተርኔት ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ በራሱ ጊዜ ተዘግቷል። አንዴ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ማሽኑ ዳግመኛ ተነስቷል። «ዊንዶውስ እኮ እንዲህ ነው» አልን። ጥፋት ሲገኝ ሩቅ ላለ ሰው መስጠት እንዴት ደስ ይላል!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጓደኛችን ሙሾውን ልትጽፍ መጣች። ዚፑን ከፈተችው። አሥሩ ተዘረጋ። አሥራ አንደኛው ላይ «ሲአርሲ ስህተት» አለና ቆመ። ከፍላሹ ሞከርን፤ እዚያው ላይ ቆመ። የተበላሸውን እንዳለ እንዲያወጣልን አድርገን ብንሰማው፣ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ድረስ አሮጊቷ በዚያ በሚያርደው ድምፃቸው ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ከዚያ አንድ ጩኸት፣ እንደ ቆርቆሮ መቀደድ ያለ፣ ከዚያ ምንም።

በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ቡና ይዘው መጥተው ሦስታችንን አይተው ምንም ሳይሉ ተመለሱ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ፍላሹን ነው። ግን ፍላሹና ዲስኩ ላይ ያሉት ሁለቱ ዚፖች ባይት በባይት ሲመሳከሩ አንድ ሆኑ። ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት አይታመሙም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የደረሰው ከመገልበጡ በፊት፣ ዚፑ ሲሠራ ነው። ኤክስኤምፒውን አጥፍተን በ2133 ላይ አምስት ጊዜ ብንዘረጋው አምስቱንም እዚያው ላይ ቆመ። በ3200 ላይ ግን አንዳንዴ ደህና የነበረው አራተኛው ቅጂም ይሰናከላል፣ ደግመን ብንሞክረው ያልፋል። ያን ጊዜ ገባን። ማሽኑ ድምፁን ሲያጥፍ፣ ራሙ ውስጥ አንድ ቢት፣ ዜሮ የነበረች አንድ ሆና ወይም አንድ የነበረች ዜሮ ሆና፣ ዞራ ወደ ዲስኩ ወርዳለች። ያልታጠፈ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ጠቅ የምትል አንዲት እንከን ብቻ ትሰማ ነበር። የታጠፈ ነገር ግን ኋለኛው በፊተኛው ላይ ተመርኩዞ ነው የሚፈታው፤ አንዷ ከተሳሳተች ተከትሏት የሚመጣው ሁሉ ይፈርሳል።

ከመካከላችን የግእዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «ይኼ እኮ የእኛ ነገር ነው» አለ። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ በ ን ቡ ቢያደርጋት፣ ከሱ የገለበጡት ሁሉ ቡ ይላሉ፤ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ስለሆኑ ብቻ እውነት ናቸው ማለት አይደለም። ጥፋቷ ከየት እንደመጣች ለማወቅ ወደ እናት ቅጂ መመለስ ነው። እኛ እናት ቅጂውን በገዛ እጃችን አጥፍተነዋል።

ከዚህ ወዲያ ያደረግነው ምርመራ ማድረግ የነበረብን በመጀመሪያው ቀን ነው። ሜምቴስት86 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ማሽኑ ዊንዶውስን ሳይነካ በሱ ይነሳል። ሥራው የሰነፍ ጸሐፊ አለቃ ሥራ ነው፦ በራሙ ቤቶች ሁሉ የታወቀ ነገር ይጽፋል፣ ተመልሶ ያነበዋል፣ የጻፈውና ያነበበው ካልገጠመ በቀይ ያወጣዋል። ደግሞ በሌላ ንድፍ ይጽፋል። እንዲህ እያለ ሌሊቱን ሙሉ። በ3200 ላይ ለቀቅነውና ተኛን። አንድ ሰዓት ሙሉ ንጹሕ ነበር፤ በዚያች አንድ ሰዓት አይተነው ቢሆን «ደህና ነው» ብለን እንፈርም ነበር። ንጋት ላይ አራት ቀይ መስመር። በዚያን ሌሊት ከተጻፈው አእላፍ ቁጥር አራት ብቻ።

ቀጥሎ ራሞቹን ለየናቸው። አንደኛው ብቻውን በ3200፣ አንድ ሌሊት፤ ንጹሕ። ሁለተኛው ብቻውን፣ ሌላ ሌሊት፤ ንጹሕ። ሁለቱ ባንድነት፤ ቀይ። ቮልቱን ወደ 1.4 ከፍ ብናደርገው ቀዩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ ፈራን። ኳስ ወዳዱ ግን ክርክሩን አልተወም። «ራሞቹ ናቸው፤ ያረጁ ናቸው» ብሎ ሁለቱንም በኪሱ ይዞ መገናኛ ወረደ፤ ብቻውን እንዳይጣላ እኛም ተከተልነው።

ጋሼ ክሱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ራሞቹን ተቀብለው መደርደሪያው ላይ የነበረ አንድ አዲስ ማሽን ከፍተው ሰኩና ኤክስኤምፒውን አበሩት። ሦስት ቁጥር እስክንቆጥር ተነሳ። 3600። ስክሪኑን ወደኛ አዙረው፣

«ልጆች፣ እኔ የሸጥኩላችሁ ራም ነው። ፕሮሰሰራችሁ ምንድን ነው?» አሉን።

ነገርናቸው።

«እሱ እኮ አቅሙ 2933 ነው። ሠሪው የጻፈው እንደዛ ነው። ከዛ በላይ የሮጠላችሁ ዕድላችሁ፣ ያልሮጠላችሁም ዕድላችሁ። አልጠየቃችሁኝም፤ ብትጠይቁኝ ርካሹን እሸጥላችሁ ነበር።»

እውነት ነው፤ 3400ጂ በሠሪው ሰነድ ላይ 2933 ነው የሚለው። ሁላችንም መለያውን እንጂ ፕሮሰሰሩን አላነበብንም። መለያው የሚናገረው ስለ ራሙ ብቻ ነው፤ የሚያስተዳድረው ክፍል፣ ማዘርቦርዱና ራሙ ሦስቱም ካልቻሉ 3600 ቁጥር ብቻ ነው። ከጋሼ ሱቅ ስንወጣ ኳስ ወዳዱ ከኋላ ቀርቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰማነው። እሳቸውም «ምንም አይደል፣ ልጄ» አሉት። ሻይም ጋበዙን።

በ2933 ላይ ሜምቴስትን ሁለት ሌሊት አስሮጥነው። ዜሮ። ወሬ ለሚወዱ እንጨምር፦ የጎደለን ነገር እንዳሰብነው ትልቅ አይደለም። በ3600 መዘግየቱ 18 ምት ነው፣ ጊዜው ሲሰላ 10 ናኖ ሰከንድ ይሆናል። እኛ በ2933 ላይ 16 ምት አድርገነዋል፤ ሲሰላ ከ11 ናኖ ሰከንድ በትንሹ ያነሰ። በ2133 ከ15 ምት ጋር ግን 14 ነበር። አንዲት ናኖ ሰከንድ ለማትሞላ ነገር ነው ያ ሁሉ የሆነው።

ስለ ሙሾው። ጓደኛችን ለአሮጊቷ ስልክ አስደወለች፤ እሳቸው ስልክ የላቸውም፣ የጎረቤት ልጅ ነው የሚያገናኛቸው። ድምፁ እንደጠፋባት በፈራ ተባ ነገረቻቸው፤ የቀረውን ቢደግሙላት ለመነቻቸው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሰማናቸው።

«ልጄ፣ ሙሾ እኮ እንደ ዘፈን ድገሚው አይባልም። ሬሳ በሌለበት የማንን ሞት ልጥራ?»

ጓደኛችን ዝም አለች። እኛም በሩን አየነው። ጥቂት ቆይተው ግን፣

«ያልኩትን ግን ልነግርሽ እችላለሁ፤ በቁም ነገር፣ ያለ ዜማ። ወረቀት ያዢ» አሏት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ነገሯት። ሦስታችንም እየተከታተልን በየራሳችን ወረቀት ጻፍን፤ የስልኩ መስመር ይቆራረጥ ስለነበር አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲይዘው። ኋላ ሦስቱን ወረቀት ስናመሳክር ሰባት ቦታ ላይ አልተስማማንም። አንዱ ቦታ ላይ፣ የልጁ እናት ስም በሚጠራበት፣ ሦስታችንም የተለያየ ነገር ነው የጻፍነው። ጓደኛችን ሦስቱንም ንባብ በግርጌ ማስታወሻ አስቀመጠች፣ የትኛው እናት እንደሆነ ሳትፈርድ። አማካሪዋም ከጽሑፉ ሁሉ ያቺን ግርጌ ብቻ አሰምሮባት መለሰላት። ዜማው ግን የለም። ከስድስት ደቂቃ ከሃያ ወዲህ ያለው ዜማ ያለው በለቅሶው የነበሩት ሰዎች ጆሮ ውስጥ ነው።

ማሽኑ ዛሬም 2933 ላይ ነው። የሚቀዳው ነገር ሳይታጠፍ ሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ ኳሱ ቦታ ለመልቀቅ ሲል ከዲስኩ ወጥቷል፣ ባለቤቱም አላጉረመረመም። ባለፈው ሳምንት አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛችን መጥቶ የሣጥኑን መስኮት አጎንብሶ አየና «3600 ይላል እኮ ተለጥፎበት! ለምን ታባክኑታላችሁ? ሁለት ደቂቃ ስጡኝ፣ አስነሳላችኋለሁ» አለን።

ሜምቴስት ያለበትን ፍላሽ አቀበልነው። «እስኪነጋ ጠብቅ» አልነው። እትዬ ብርድ ልብስ አምጥተውለታል።